ያልተቀመሰ ሾርባ

ስቶይናን ላመሰግናት ብዬ አይደለም ይህን የማወራው። አጥራችን አንድ ነው። ዶሮዎቿ ጎመኔን ሲጭሩ፣ እኔ ስጮህባት፣ እሷም ጮኻ ስትመልስልኝ ዕድሜያችን አለቀ። አፏን አትጠብቅም። ሰው ሙሽራ ሲያመጣ "እስኪ ከርሞ እናያታለን" ትላለች፤ ሰው ቤት ሲሠራ ቆማ አይታ "ለማን ነው ይሄ፣ ለዶሮ ነው?" ትላለች። በሆዷ ግን ነገር አይቀመጥም። ማታ ሰድባሽ ጠዋት ትኩስ ዳቦ ቆርሳ በአጥሩ ላይ ታቀብልሻለች። እምቢ ካልሽ ደግሞ ሌላ ስድብ ነው።

ባሏ ገና በጉልምስናው ሞተባት። ትንባሆ ስትለቅም፣ በመርፌ ስትሰካ፣ ስታደርቅ፣ ጣቶቿ ጠቁረው እስኪቀሩ ሠርታ ሁለት ልጆች አሳደገች። ሴቷ ዳፊና እዚሁ መንደር አግብታ ቀረች። ወንዱ ቬሊን የኛ አገር ወጣት ሁሉ እንደሚያደርገው መጀመሪያ ዋና ከተማችን ሶፊያ፣ ከዚያ ጀርመን ሄደና ግንበኛ ሆነ። ይኸው ነው ኑሮዋ። ስለ እሷ ሌላ የሚወራ ነገር ቢኖር ሾርባዋ ነው።

ሾርባው የስለት ነው። ቬሊን ትንሽ ልጅ ሳለ፣ በጥር፣ በቅዱስ አትናቴዎስ ዕለት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ኩሬ በረዶ ላይ ሲንሸራተት በረዶው ተሰንጥቆ ዋጠው። ያወጣው የአባቱ ወንድም ሚንቾ ነው። ካፖርቱን እንኳን ሳያወልቅ ዘሎ ገብቶ በጸጉሩ ጎትቶ አወጣው። ልጁ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አይተነፍስም። ስቶይና በረዶው ላይ ተንበርክካ፣ "ይህን ልጅ መልስልኝ እንጂ፣ እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ በየዓመቱ በዚህ ቀን በግ አርጄ ሰው አበላልሃለሁ" ብላ ለቅዱሱ ተሳለች። ልጁ ውኃ ተፋ፣ ከዚያም አለቀሰ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ልጁ ያለቀለት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት አልተስተጓጎለም። ባሏ በሞተበት ክረምት አብስላለች። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ በግ ከየት ይመጣል ስንል እሷ ከላይኛው መንደር በራሷ ጫንቃ ተሸክማ አምጥታለች። በዚያ ዕለት ቅዱሱ የሐር ሸሚዙን ለብሶ ተራራው ላይ ይወጣና ክረምቱን "በቃህ፣ ሂድ" ይለዋል ይባላል። እኔ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። የዓመቱ ክፉ ብርድ ያኔ ነው፤ ትንፋሽ ጢም ላይ ይረጋል፣ የጉድጓድ ባልዲ ከገመዱ ጋር ይጣበቃል። ሾርባዋ በዚያ ብርድ ሲጠጣ ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ ቅዱሱ ያለውን ቢል ግድ አይሰጥሽም።

በጉ በዋዜማው ይታረዳል። ጠዋት ግቢው በረዶው ተጠርጎ ሦስት ድንጋይ ይጎለታል፤ ከአማቷ የወረሰችው የመዳብ ጎላ ይጣዳል። ሥጋው ከነአጥንቱ ገብቶ ይንተከተካል፣ አረፋው ይገፈፋል። ከዚያ ሽንኩርቱ፣ ከጣሪያ ሥር ተሰክቶ የደረቀው ቀይ ቃሪያ፣ በመጨረሻ የተከካ ስንዴ ይገባል። ሊወርድ ሲል ደረቅ ናና በመዳፏ አሽታ ትበትንበታለች። ልጅ ከነልጅ ልጁ፣ አማች ከነዘመዱ፣ ጎረቤት ከነሳህኑ ግቢው ውስጥ ይሰበሰባል። ቀይ ቅባት የሚንሳፈፍበት፣ አጥንቱ ሥጋውን በራሱ የሚለቅበት ሾርባ ነው።

አንድ ችግር አለው። ለቅዱስ የተሳለ ምግብ ቄሱ ሳይባርከው አይቀመስም። በማንኪያ ጫፍም ቢሆን፣ በጣትም ቢሆን ነውር ነው። ጨውም የሚጨምረው አንድ ሰው ነው፤ አንዴ ጨምሮ እጁን ይሰበስባል፣ አይደግምም። እሷ ቤት ጨው የሚጨምረው ሚንቾ ነው፣ ልጁን ያወጣ እሱ ነዋ። የሚንቾ እጅ ደግሞ እጅ አይባልም። አንድ ዓመት ሾርባው ምላስ ይልጣል፣ በሌላው ዓመት የዝናብ ውኃ ይሆናል። እኔ እሷን በማውቅበት ዘመን ሁሉ ልክ የመጣበትን ዓመት አላስታውስም።

እና እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰው የሚመጣው ሚንቾን ለመስደብ ነው። ዋናው ተሳዳቢ ጌንቾ ነው፤ ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ፣ ለማንም ደግ ቃል ተናግሮ የማያውቅ ሰው። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ይቀምስና ሳህኑን አስቀምጦ፣ "ሚንቾ፣ ባሕሩን እንዳለ ገለበጥከው፣ ዓሦቹ የት ይግቡ?" ይላል። ወይም "ዘንድሮ ደግሞ ጨዉን ሚስትህ ደበቀችብህ" ይላል። ሚንቾ ይቆጣል፣ ሕዝቡ ይስቃል። ከሁሉም በላይ የምትስቀው ራሷ ስቶይና ናት። ጎኗን ይዛ ዕንባዋ እስኪፈስ ትስቅና፣ "ከኩሬ ልጅ ማውጣት ይችላል፤ ከከረጢት ጨው ማውጣት አይችልም" ትላለች። ቬሊንም ጀርመን ከሄደ ጀምሮ በዚያ ቀን ሳይደውል አይውልም። የመጀመሪያ ጥያቄው የእናቱ ጤና አይደለም፤ "ዘንድሮስ ጨዉ እንዴት ነው?" ነው።

ባለፈው ክረምት፣ አትናቴዎስ ቅዳሜ ሊውል ማክሰኞ ዕለት፣ ዳፊና ሻሽ እንኳን ሳታደርግ በበረዶው እየሮጠች ቤቴ ገባች። ጀርመን ከቬሊን ጋር የሚሠራ ልጅ ደውሎላት ነው። ቬሊን ከሕንፃው መወጣጫ ላይ ወድቆ እዚያው ሞቷል። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ብዙ ካለቀስን በኋላ ለእናቷ መቼ እንደምንነግራት ጠየቅኋት። ከእሁድ በፊት አይነገራትም አለችኝ። ልቧ ደካማ ነው፣ ሐኪሙ ድንጋጤ አይስማማትም ብሏል፣ ሬሳው ገና አልተላከም። ደግሞም የሾርባዋ ቀን ደርሷል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ብሏት ታብስል አለች።

እኔ አልወደድኩትም። ወልዳዋለች፣ እኛ ሰምተን እሷ ሳትሰማ እንዴት ይሆናል ብዬ ተከራከርኳት። ሽማግሌ ይዘን እንሂድ፣ ቄሱንም እንጥራ፣ ሁላችንም አጠገቧ ሆነን ይነገራት አልኩ።

ዳፊና ቀና ብላ አየችኝና፣ "ነገ እሷም ብትሄድብኝ አንቺ ትመልሽልኛለሽ፣ እትዬ ኔዳ?" አለችኝ።

ይህን ስትለኝ እሺ አልኳት። እስከ ማታ መንደሩ በሙሉ ሰማ፤ መንደሩ በሙሉም ዝም ለማለት ተማማለ። ሴቶቹ እኔ ወጥ ቤት ተሰብስበን መስኮቱን ዘግተን፣ ብርድ ልብስ ሰቅለንበት አለቀስን። ረቡዕም አለቀስን። ወንዶቹ መጠጥ ቤቱ ውስጥ አረቄያቸውን ይዘው በሩን ቆልፈው ተቀመጡ፤ ጌንቾ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ነበር አሉ። ቬሊንን በአውቶቡሱ ትምህርት ቤት ያመላልሰው የነበረ እሱ ነው። ሐሙስ ከሙሾው የቀረን የለም፤ የልጅነቱን፣ የኩሬውን፣ የመልኩን ሁሉ ጠርተን ጨርሰናል። ዓርብ ድምፃችን ዘግቶ፣ ዓይናችን ደርቆ፣ ዝም ብለን ተቀመጥን።

እሷ ደግሞ አጥሩ ማዶ ሽር ጉድ ትላለች። ጎላውን በአሸዋ ስታሽ፣ ቃሪያ ስትፈለፍል፣ አንድ የድሮ የሠርግ ዘፈን ታንጎራጉራለች። ረቡዕ ጠዋት አጥሩ ላይ ተደግፋ ዓይኔን አየችና ምን ሆንሽ አለችኝ። ሽንኩርት ስከትፍ ነው አልኳት። "የሚከተፈው ቅዳሜ ለኔ ሾርባ ነው፣ ምን አጣደፈሽ? ስጠራሽ ግን ትሰወሪያለሽ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ቬሊን ለፋሲካ እንደሚመጣ፣ ጣሪያውን እንደሚያድስላት፣ ዘንድሮ ሳትድረው እንደማትለቀው ነገረችኝ። ለሙሽራነት የምትሆን ልጅ እንኳን ከታችኛው ሰፈር መርጣለች። እንድፈርድላት ጠየቀችኝ። ጥሩ ልጅ ናት አልኳት። ቤት ገብቼ በሩን ደግፌ ቆምኩ።

ዳፊና ቄሱንም ለማናገር ሄዳ ነበር። አባ ሎዛን በቡራኬው ላይ ስሙን ከሕያዋን ጋር አንስቼ ጤና ስጠው ብዬ አልጸልይም፣ በእግዚአብሔር ፊት ውሸት አልናገርም አሉ። ለመነቻቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቀች። በመጨረሻ "አገልጋይህን ቬሊንን አስበው" ብቻ ለማለት ተስማሙ፤ ይህ ለሞተም ላለም ይሆናል።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ እሳቱ ነደደ። እንደዚያ ቀን ያለ ብርድ በዕድሜዬ ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁት። ስቶይና አዲስ ሻሽ አስራለች። ጎላው አጠገብ ሚንቾ ጨዉን በትንሽ ከረጢት ይዞ ቆሟል፤ ዓይኑ ያነባል፣ ጭስ ነው ይላል። ነፋሱ ግን ጭሱን ወደ እኛ ነበር የሚነዳው። ስቶይና ስልኳን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ደጋግማ ታየዋለች። ዳፊና ኔትወርክ የለም፣ የስልክ ማማው በበረዶ ተጎድቷል ብላታለች። "እንግዲህ ማታ ይደውላል፤ ሚንቾ ማታም ቢሆን እንደተሰደበ ነው" አለች። ማንም አልሳቀም። እሷ ግን ብርዱ መስሏት ቶሎ ቶሎ እንጨት ጨመረች።

አባ ሎዛን መጡ፣ መስቀላቸውን በጎላው ላይ አማተቡ፣ የቤተሰቡን ስም እየጠሩ ጸለዩ። ቬሊን ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ስቶይና "አሜን" ስትል ከሁላችንም በላይ ጮክ ብላ ነው። ከዚያ ጭልፋውን ይዛ ለእያንዳንዱ ትቀዳ ጀመር። ባለስለቷ መጨረሻ ነው የምትበላው፣ ሌላው ሁሉ እሷ እያየች ይበላል።

የመጀመሪያዋን ማንኪያ አፌ ውስጥ ሳደርግ ደነገጥኩ። ሥጋው እንደ ቅቤ ለስልሷል፣ ሽንኩርቱ ይጣፍጣል፣ ናናው ይሸታል፤ ጨው ግን የለም። አነሰ ማለቴ አይደለም፤ ጨርሶ አልገባበትም። ሚንቾን አየሁት። መሬት መሬት ያያል፤ ጨዉ ከነከረጢቱ አሁንም እጁ ውስጥ ነው። እንደ ሌላው ዓመት ቢሆን መንደሩ እስከ ፋሲካ የሚስቅበት ነገር ነበር።

ማንኪያ ብቻ ይሰማል። ከዚያ አንዷ እጅሽ ይባረክ አለች። ሌላዋ ዘንድሮስ ከሁሉም ዓመት በለጠ አለች። አንዱ ሁለተኛ ሳህን ለመነ። ስቶይና ጭልፋውን ይዛ ቆማ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ታያለች። ፈገግታዋን አዘጋጅታ ስድቡን ትጠብቃለች። በጠበቀች ቁጥር እኛ አብዝተን እናመሰግናለን። እኔም እግዜር ይስጥልኝ፣ ግሩም ነው ብያለሁ፤ ያን ቃል ከአፌ ሰምታ የማታውቅ ሴት ናት።

መጨረሻ ላይ ለራሷ ቀድታ ጉቶው ላይ ተቀመጠች። ቀመሰች። ማንኪያዋን መልሳ ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ፊቷ ገና የሚስቅ ፊት ነበር።

"ሚንቾ፣ ጨው ጨምረሃል?" አለችው።

"ጨምሬያለሁ" አለ ሚንቾ።

ዞር ብላ ጌንቾን ፈለገችው። አጥሩ ጋ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ስሙን ጠራችና አንተስ ምን ትላለህ አለችው። ጌንቾ ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘ። እግዜር ያሳይሽ፣ ያን ጊዜ እንኳን አንድ ስድብ ቢሰድብ፣ አንዲት ክፉ ቃል ቢወረውር እሁድ እንደርስ ነበር።

"እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ ስቶይና" አለ። "እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም።"

በስቶይና ፊት ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሄደ አላየሁትም። ሳህኑን ቀስ ብላ በረዶው ላይ አስቀመጠችና እጆቿን በሽርጧ ጠረገች። ለማንም ሳይሆን ለግቢው በሙሉ፣ በዝግታ፣ "ቬሊን ነው?" አለች።

ዳፊና እጇ ላይ ያለው ሳህን ወደቀ። እናቷ ላይ ልትጠመጠም ሄደች፤ ስቶይና ግን ክንዷን ዘርግታ ከለከለቻት። መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። ማክሰኞ አለቻት ዳፊና። እንዴት እንደሆነም ነገረቻት፤ የልቧን ነገር፣ ሐኪሙን፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደስ እንዲላት ብለው መሆኑን ሁሉ እየተንተባተበች ተናገረች። ስቶይና እሷን አትሰማም ነበር። እኛን ነበር የምታየው። አንድ በአንድ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ፣ የያንዳንዳችንን ዓይን አየች። እኔ ጋ ስትደርስ ረዘም አድርጋ አየችኝ። የሽንኩርቱ ነገር ትዝ ያላት መሰለኝ።

ለልቧ ፈርተን ነበር፤ ሚንቾ ወንበር ይዞ ቀረበ፣ አንዷ ውኃ ልታመጣ ሮጠች። ልቧ ምንም አልሆነም። ቀጥ ብላ ነው የቆመችው። "ቬሊኔ" ብላ ሙሾዋን ጀመረች፤ በረዶውን ጠርታ፣ ኩሬውን ጠርታ፣ አንዴ ሰጥተኸኝ ነበር እኮ ብላ ቅዱሱን ወቅሳ። እኛ ሴቶቹ እንደ ወጉ ልንቀበላት አፋችንን ከፈትን። ድምፃችን ወጣ፤ ቃሉም ልክ ነው፣ ዜማውም ልክ ነው፤ ሐሙስ የደጋገምነው ነው። ዕንባ ግን አልነበረንም። እኔ ፊቴን ጨምድጄ ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣም። አጠገቤ ያለችውም እንደኔው ነበረች።

ስቶይና መሐል ላይ አቋርጣ አዳመጠችን። እኛ ትንሽ ቀጠልን፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዝም አልን።

"እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል" አለች። "አራት ቀን ሙሉ ለልጄ አልቅሳችሁለታል። እኔ ያኔ እዘፍን ነበር። አሁን እኔ ከማን ጋር ላልቅስ?"

አባ ሎዛን አንድ ነገር ሊሉ እጃቸውን አነሡና ተዉት። ከመሐላችን አልፋ ወደ ቤቷ ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ቆለፈችው። ግቢው ውስጥ እንደቆምን ለቅሶዋን በግድግዳው በኩል ሰማነው፤ ራሷ ታወጣለች፣ ራሷ ትቀበላለች። ዳፊና እስኪመሽ ድረስ በሩን አንኳኳች። አልከፈተችላትም።